የተርባይኖቹ ሰዓት ይነገረን

አቀስታ ከተማ ላይ መብራት ሲጠፋ እህል ልታስፈጭ የመጣች እናትም፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ የሚጠብቀው የጤና ባለሙያም የሚጠይቁት «መቼ ይመጣል?» ብለው ነው። ከዚያ እኩል መጠየቅ ያለበት ግን የተቋረጠው የት ነው የሚለው ነው። ተርባይን ቆሞ ነው? ከፍተኛ መስመር ወድቆ ነው? ወይስ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ? ተጠያቂው በዚህ ይለያል። ከ2006 ጀምሮ ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና መሸጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

ስለ ማመንጫዎቻችን ስናወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ሜጋዋት ነው፤ ሕዳሴ 5,150፣ ጊቤ ሦስት 1,870፣ ጣና በለስ 460። ይህ ማሽኑ ሁሉ ደኅና ሆኖ፣ ውኃውም በቂ ሲሆን የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ዛሬ ስንቱ ተርባይን ለሥራ ዝግጁ እንደሆነ አይናገርም።

ዝግጁነትን ማስላት ከባድ አይደለም። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። ከጊቤ ሦስት 10 ተርባይኖች አንዱ 30 ቀን ቢቆም 720 ሰዓት ያጣል፤ የዚያ ተርባይን ዝግጁነት 92 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዋናው ነገር ሰዓቱ በምን ምክንያት እንደታጣ ነው። ታቅዶ ለጥገና የቆመ ማሽን ዕድሜው ይረዝማል፤ ሳይታሰብ የተቋረጠ ግን መላውን መረብ ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ተለይተው መመዝገብ አለባቸው፤ በግማሽ አቅም የተሠራበት ሰዓትም እንደ ሙሉ መቆጠር የለበትም።

ዝግጁነትን ከምርት ጋር ማደባለቅም ያሳስታል። ሕዳሴ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ፣ ያለማቋረጥ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ከሚሰጠው 35 በመቶ ያህሉ ነው። ይህ የማሽኖቹ ድክመት አይደለም። የበሽሎንና የወለቃን ውኃ የሚቀበለው ዓባይ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይቀጥናል፤ ንድፉም ይህን አስቦ የተሠራ ነው። ውኃ እያለ ማሽኑ ወይም ሌላ ክፍሉ ተበላሽቶ ማመንጫው ከቆመ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ይህን ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። 420 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሁለት በጥር 2002 ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የውኃ ዋሻው በከፊል ተደርምሶ ለወራት ቆመ። በእነዚያ ወራት 420 የሚለው ቁጥር ከወረቀት አልፎ ለማንም ቤት መብራት አልሆነም።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ ኃይል የእያንዳንዱን ማመንጫ ዝግጁነት፣ የታቀደና ያልታቀደ መቋረጡን ለይቶ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። አገልግሎቱም አቀስታ፣ መካነ ሰላምና ሌሎች ከተሞች ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት መብራት እንዳጡ ከነምክንያቱ ያስታውቅ። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሁለቱን አመሳክሮ ይመርምር። የሕዳሴን ግድብ ሕዝቡ ከደመወዙና ከጥሪቱ ቆርሶ ገንብቷል፤ እንዴት እየሠራ እንደሆነ በሰዓት ተቆጥሮ ሊነገረው ይገባል።