ሴቲቱን ከታሪኩ ያወጣት ማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ!

ሰው የለመደውን ታሪክ ሲነኩበት የርስቱን ድንበር እንደ ገፉበት ይቈጣል። ቍጣው ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ዳሩ ግን ድንበሩን ማን እንደ ተከለው ሳይጠይቁ መቈጣት አላዋቂነት ነው።

ባለፈው ክረምት ሁለት የወንድሜ ልጆች እዚህ ደጋን በቤቴ በረንዳ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰማሁ። የክርክራቸው መነሻ «ዋርሃመር 40,000» የተባለ፥ በእንግሊዝ አገር የሚታተም፥ ስለ ሩቅ መጪ ዘመን የሚተርክ ልበ ወለድና ጨዋታ ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂዎች የሆኑ፥ የወርቅ ጥሩር የለበሱ ወታደሮች አሉ። ቀድሞ የታተሙት መጻሕፍት ጠባቂዎቹ ከመኳንንት ወንዶች ልጆች እንደሚመረጡ ይናገሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ግን አንዲት ሴት ጠባቂ በአዲሱ መጽሐፍ ታየች፤ አሳታሚውም «ሴቶች ከጥንትም ነበሩ» አለ። በዚህ ምክንያት አንባቢው ለሁለት ተከፍሎ ተጣላ።

ታላቁ ልጅ «ጋሼ፥ በቆየ ታሪክ ውስጥ ሴት ተዋጊ መጨመር ታሪኩን ማበላሸት አይደለም ወይ? እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። እኔም ፈረድሁ።

በአንድ ነገር እውነት አለው። ትናንት የጻፉትን ዛሬ እንዳልጻፉት ማድረግ አንባቢን መናቅ ነው። ሴቲቱ እንዴት እንደ ገባች፥ ማን እንደ ተቃወማት፥ ምን እንደ ከፈለች ቢተርኩልን ኖሮ መልካም ታሪክ በሆነ ነበር። በአንድ ቃል «ነበረች» ብሎ ማለፍ ለእርስዋም ክብር አይሆናትም።

ልጁ ከዚህ አልፎ «ሴትና ጦርነት ምን አገናኛቸው?» ባለ ጊዜ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት መጽሐፍ ቅዱስ፥ ዲቦራ አብራው ካልሄደች ባርቅ ወደ ጦርነት ለመውጣት እንዳልፈቀደ ይነግረናል። የእስላም ጎረቤቶቼም በኡሑድ ጦርነት ነቢዩን ስለ ተከላከለችው ስለ ኑሰይባ ለልጆቻቸው ይተርካሉ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የጠላት ምሽግ ውኃው እንዲያዝበት የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። እነዚህን ሁሉ ማን ጨመራቸው?

ከሁሉም ይልቅ የራሳችንን የወሎን ነገር ተመልከት። ወይዘሮ ወርቂት ጦር የነበራቸው፥ አገር የገዙ ሴት ነበሩ። ልጃቸው አመዴ በመቅደላ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከዚያው አምባ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ገቡ። አፄ ቴዎድሮስም በቍጣ አመዴን አስገደሉት። ወይዘሮ ወርቂት ግን ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኙ። በዚያ ቀን መንገዱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የአገራችን ታሪክ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር።

አሁን የራሴን በደል ልናገር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወጣት መምህር ሳለሁ ይህንኑ የምኒልክን ማምለጥ ለዓመቱ መዝጊያ በዓል ቴአትር አድርጌ ጻፍሁ። በጻፍሁትም ውስጥ ወይዘሮ ወርቂት ቡና ቀድተው የሚወጡ ሴት ብቻ ነበሩ፤ የሚመክረውም የሚወስነውም እኔ የፈጠርሁት አንድ ሽማግሌ ነበር። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፥ ወርቂት ለምን አይናገሩም? ቢናገሩ እኔ እጫወታቸዋለሁ» አለችኝ። እኔም «ሴት ጋሻ ይዛ ብትቆም ሰው ይሥቃል» ብዬ መለስኋት። በዓሉ አለፈ፤ ሰውም አጨበጨበ። ያቺ ልጅ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሌ ውስጥ እጅዋን ስታነሣ አላየሁም።

እንግዲህ ልዩነቱን አስተውል። እንግሊዞቹ ያልነበረችውን ጨመሩ፤ እኔ የነበሩትን አወጣሁ። እነርሱ የነኩት የፈጠሩትን ተረት ነው፤ እኔ ግን የነካሁት እውነቱን ነው። ለእነርሱ ብዙ ሺህ ሰው ተቈጣ፤ እኔን ግን ከአንዲት ልጅ በቀር የጠየቀኝ አልነበረም። ከሁለታችን ታሪክ ያበላሸው ማን ነው?

ምናልባት «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የሚጠቅስ ይነሣ ይሆናል። ወይዘሮ ወርቂት የወሰኑት ልጃቸውን ባጡበት ሰዓት ነው፤ በማን አለቀላቸው?

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ልበ ወለድ ስትጽፉ ሴት ተዋጊ ለማስገባት አትፍሩ፤ ነገር ግን ለጌጥ አታቁሙአት። ሥራ ስጡአት፤ ፍርሃትም፥ ስሕተትም፥ ዋጋም ይኑራት። የቆየ ታሪክ ስታነቡም «ይህች ሴት ከየት መጣች?» ከማለታችሁ በፊት «ቀድሞ ማን አወጣት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ ከአንዲት ልጅ ሰምቼ ሳልመልስ ብዙ ዓመት ኖርሁ። እናንተ እንደ እኔ አትዘግዩ።