የተሰነጠቀ ቤት ዕዳው የማን ነው?

ቤት ከምግብና ከልብስ ጋር ከሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች አንዱ ነው። ሰው ቤት ሲሠራ ወይም ሲገዛ የብዙ ዓመት ድካሙን፣ ብዙ ጊዜም ገና ያላገኘውን የወደፊት ደመወዙን ጭምር በግድግዳው ላይ ያውላል። ይህ ግድግዳ በባለቤቱ ጥፋት ሳይሆን በተሠራበት ብሎኬት ጉድለት ቢፈርስ ጉዳቱን ማን ይሸከም? በእኔ አስተያየት ቤቱን መልሶ የማሠራት ግዴታ የመንግሥት ነው። በአየርላንድ አገር የደረሰው ችግር ለዚህ አስተያየት በቂ ማስረጃ ይሆናል።

በዚያ አገር በተለይ በዶኒጎልና በሜዮ አውራጃዎች በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ግድግዳቸው ተሰነጣጥቋል፤ ብሎኬቱ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈርበት ቤትም አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን በ2017 ባቀረበው ዘገባ የዶኒጎልን ጉዳት ሚካ፣ የሜዮን ደግሞ ፓይራይት ከተባሉ ማዕድናት ጋር አያይዞታል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን በዶኒጎልም ፓይሮታይት የተባለው ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ከፍተኛ ጠንቅ መሆኑን አመልክተዋል። ይህ ማዕድን በጠጠሩ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እርጥበትና አየር ሲያገኝ ይለወጣል፤ ከለውጡ የሚገኘውም ነገር ሲሚንቶውን እያጠቃ ብሎኬቱን ከውስጥ ያፈርሰዋል።

መንግሥት ተጠያቂ የሚሆንበት የመጀመሪያው ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። እህል የሚገዛ ሰው ዘግኖ ያያል፤ ቤት የሚገዛ ሰው ግን የእያንዳንዱን ብሎኬት ጠጠር ሰብሮ ሊመረምር አይችልም። የጥራት ደረጃ የሚያወጣውና መከበሩንም ሊቆጣጠር የሚገባው መንግሥት ነው። ዜጋው በዚህ ቁጥጥር ተማምኖ ቤቱን ከሠራ፣ ቁጥጥሩ ሲጓደል የሚሰጠው ርዳታ ምጽዋት ሳይሆን የዕዳ ክፍያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጎዶሎ ርዳታ ድኻውን ጥሎ የሚያልፍ መሆኑ ነው። በ2020 የተጀመረው የአየርላንድ መርሐ ግብር ከወጪው 90 በመቶውን ይሸፍን ነበር። ይህ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቤቱ ፈርሶ እንዲሠራ የተፈቀደው ከፍተኛ ወጪ 275,000 ዩሮ ስለ ነበር፣ የባለቤቱ ድርሻ እስከ 27,500 ዩሮ ይደርሳል። የምርመራውንም ወጪ አስቀድሞ ከኪሱ መክፈል ነበረበት። ለፈራረሰ ቤት የባንክ ብድር እየከፈለ ያለ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ በ2021 በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደብሊን ድረስ ሄደው ወጪው በሙሉ እንዲሸፈን በሰላማዊ ሰልፍ ጠየቁ። በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 420,000 ዩሮ ድረስ ሙሉውን ወጪ ለመሸፈን ወሰነ፤ መጠኑም በ2024 ወደ 462,000 ዩሮ ከፍ አለ። ሆኖም መርሐ ግብሩ በ2023 ሥራ ሲጀምር የቤቱን መሠረት ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ወጪ አላካተተም። አጠራጣሪ በሆነ መሠረት ላይ አዲስ ግድግዳ ማቆም ግን ችግሩን ለልጆች ማውረስ ነው።

«ያልበደለ ግብር ከፋይ ስለ ምን ይከፍላል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በ2021 የተገመተው ወጪ 2.2 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ነበርና። ነገር ግን ያልበደለው ባለቤትም ብቻውን ይክፈል ማለት ከዚህ የባሰ ግፍ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድን ቤተሰብ የሚያደቅቅ ወጪ ለሕዝብ ሲከፋፈል ይቀላል። ከመስከረም 2023 ጀምሮ በአንዳንድ የኮንክሪት ውጤቶች ላይ የተጣለው የ5 በመቶ ቀረጥ የዚሁ ሐሳብ ውጤት ነው። ሆኖም ቀረጡ ጥሩውንም መጥፎውንም አምራች እኩል ስለሚነካና በመጨረሻው አዲስ ቤት የሚሠራው ሰው ላይ ስለሚያርፍ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። የተሻለው መንገድ መንግሥት አስቀድሞ ቤቶቹን ማሠራት፣ ከዚያም ጉድለት ያለበትን ብሎኬት ያመረተውን በሕግ ጠይቆ ወጪውን ማስመለስ ነው። ክርክሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ ግን ፍርድ እስኪሰጥ ቆሞ አይጠብቅም።

በአጠቃላይ ጉድለቱ ከባለቤቱ ዓይን የተሰወረ፣ ቁጥጥሩም የመንግሥት ግዴታ በመሆኑ፣ መንግሥት ቤቶቹን ከነመሠረታቸው ማሠራት ይገባዋል። ከዚህም በላይ ብሎኬት ከፋብሪካ ሳይወጣ በፊት ጠጠሩ እንዲመረመር ቢያደርግ፣ ለተቆጣጣሪ የሚያወጣው ገንዘብ ለፈረሰ ቤት ከሚከፍለው እጅግ ያነሰ ይሆንለታል።