የታመመ ዓሣ መድኃኒቱ ውኃው ነው

«ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» ይባላል። በኩሬ የሚረባ ዓሣ ሕመሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከውኃው ነው። ስለዚህ ዓሣ ታመመ በተባለ ቁጥር መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ትክክል አይመስለኝም፤ አስቀድሞ ኩሬውን መመርመር ይገባል።

ሸርቆሌን በመሰለ ቆላማ አገር ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል ከፍታ ሲለካ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ተርፎ የሚበሰብስ መኖ በዚህ ላይ ኦክሲጅን ይሻማል፤ ለዓሣ መርዝ የሆነውንም አሞኒያ ያበዛል። አረንጓዴው አልጌ ደግሞ ቀን ኦክሲጅን ሲሰጥ ውሎ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። በመሆኑም ዓሣው የሚጨነቀው ሊነጋጋ ሲል ነው።

እንግዲህ የልማት ሠራተኛው ኩሬውን መጎብኘት ያለበት ረፋድ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ቆሮሶዎቹ ከውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ከታዩ መኖ ይቁም፤ ከውኃው ሲሶ ያህሉ ከሥር ተቀንሶ ንጹሕ ውኃ ይተካ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መለወጥ ዓሣውን ይጎዳል። ውኃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ክንድ እስከ ክርን ሲጠልቅ መዳፍ ካልታየ አልጌው በዝቷልና ፍግ አይጨመር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞቱ ካልቆመ ባለሙያ ይጠራ።

ማኅበርተኞች ለወራት የደከሙበት ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። በየንጋቱ ኩሬውን የሚያይ ተረኛ መመደብ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።