ትምህርት ቤትን ከተባይ የሚያድነው መርዝ አይደለም

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 በሕንድ ቢሃር ግዛት፣ ሳራን ወረዳ ውስጥ በምትገኝ አንዲት መንደር የትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞቱ። ምግቡ የተሠራበት ዘይት ሞኖክሮቶፎስ በተባለ የእርሻ ፀረ ተባይ ተበክሎ ነበር። ማንም በክፍል ውስጥ መርዝ አልረጨም፤ መርዝና የልጆች ምግብ መገናኘታቸው ብቻ ለእልቂት በቃ። በረሮና አይጥ ምግብ እንደሚበክሉና በሽታ እንደሚያዛምቱ አይካድም። ሆኖም እነሱን ለማጥፋት ወደ ግቢው የምናስገባው ኬሚካል ከእነሱ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ተባይን መከላከል በመጀመሪያ የጽዳት፣ የጥገናና የምግብ አያያዝ ሥራ መሆን አለበት፤ ኬሚካል መምጣት ያለበት በመጨረሻ ነው።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የተባዮቹ አኗኗር ነው። አይጥ ወደ ትምህርት ቤት የምትመጣው ምግብ፣ ውኃና መደበቂያ ስለምታገኝ ነው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች፤ የመጋዘኑ በር ሥር ክፍት እስከሆነ ድረስ ዛሬ በመርዝ የሞተችውን ነገ ሌላዋ ትተካታለች። በወጥ ቤት የሚበዛው ትንሹ ቡናማ በረሮ ደግሞ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ እንቁላሎችን በጠንካራ ከረጢት ይሸከማል፤ ርጭቱ ይህን ከረጢት ዘልቆ መግባት ስለሚያቅተው ከሳምንታት በኋላ በረሮው እንደገና ይፈላል። ርጭቱ በተደጋገመ ቁጥር የሚተርፉትና የሚራቡት ኬሚካሉን የሚቋቋሙት ናቸው። ገንዘቡ ይወጣል፣ መርዙ ይከማቻል፣ ተባዩ ግን ይቀራል።

ጉዳቱ የሚያርፈው በልጆች ላይ ነው። ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳል፣ ወለል ላይ ይጫወታል፣ እጁን ሳይታጠብ አፉ ውስጥ ይከታል። በዚህ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች ከመርጨታቸው 24 ሰዓት በፊት ማስታወቂያ እንዲለጥፉና ከረጩም በኋላ ለ72 ሰዓት እንዳያነሱት አዟል። በዝግ ሳጥን የሚቀመጥን ማጥመጃና በስንጥቅ ውስጥ የሚደረግን ጄል ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጓል። ሕጉ ኬሚካልን ጨርሶ አልከለከለም፤ ልጆች ሊነኩት ከማይችሉት ዘዴ እንዲጀመር ግን መንገድ አሳይቷል።

«ድሃ ትምህርት ቤት ይህን በምን አቅሙ ይችለዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ነገር ግን በር ሥር ቆርቆሮ መምታት፣ የግድግዳ ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማሠራት አንድ ጊዜ ተሠርተው ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ ሥራዎች ናቸው፤ ርጭት ግን በየጊዜው ይከፈልበታል። ሌላው ተቃውሞ «ለወባ ሲባል ቤት ይረጭ የለም ወይ?» የሚል ነው። ለወባ ሲባል የቤት ግድግዳ የሚረጨው በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች፣ በታወቀ መጠንና ጊዜ ነው። ይህ ከገበያ የተገዛ ስሙ ያልታወቀ መርዝ በወጥ ቤት ውስጥ ከመርጨት ጋር በፍጹም አይገናኝም።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በግቢያቸው ይመገባሉ፤ እህልና ዘይት ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ስለዚህ እያንዳንዱ የምገባ ትምህርት ቤት እህሉን ከወለል ከፍ አድርጎና ከግድግዳ አርቆ ያስቀምጥ፤ ትርፍራፊ ምግብ በግቢው እንዳያድር ያድርግ፤ ፀረ ተባይን ከምግብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያኑር። ተባይ የታየበትን ቦታና ቀን በመዝገብ የሚይዝ አንድ ተጠያቂ ሰውም ይመድብ፤ መዝገቡ ቀዳዳው የት እንዳለ ይጠቁማልና። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የልጆቻችንን ምሳ ለመጠበቅ የመጀመሪያው ብር ለመርዝ ሳይሆን ለጥገና መውጣት አለበት።