አራተኛው ስም

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሰዉ ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ተከዜን በጀልባ እየተሻገረ ሱዳን ውስጥ ሐምዳይት ሲደርስ እኔ ምዝገባ ላይ አስተርጓሚ ነበርሁ። ገዳሪፍ ያደግሁ የጎንደሬ ልጅ ነኝ፤ አማርኛም ትግርኛም ዓረብኛም እሰማለሁ። ያስቸገረኝ ታዲያ ቋንቋው ሳይሆን ስሙ ነው። የሱዳን ወረቀት አራት ስም ይጠይቃል፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። ሱዳናዊው ከልጅነቱ ስለለመደው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። የእኛ ሰው ሁለቱን ይናገራል፣ ሦስተኛውን አስቦ ያመጣል፣ አራተኛው ላይ ዝም ይላል። ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ መዝጋቢው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። በዚህ መሀል አፉ ላይ የመጣለትን ይሰጣል፤ ያጎቱን ስም፣ የጎረቤቱን ስም። የአንድ እናትና አባት ልጆች በተለያየ ቀን ተመዝግበው ለአራተኛው ቦታ የተለያየ ስም ሲሰጡ አይቻለሁ። ወረቀታቸውን ለሚያይ ሰው ወንድማማች አይደሉም።

በዚያው ሰልፍ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጣቶቻቸውን በአውራ ጣታቸው እየነኩ የአባታቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። በዚያም አላበቁም፤ የትኛዋ የት እንደተዳረች፣ የትኛው በየትኛው ክፉ ቀን እንደሞተ እየጠቀሱ የእናታቸውንም ወገን ቀጠሉ። መዝጋቢው የሚያስፈልገውን ጽፎ ሌላውን ተወው፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለማ! የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ የማታውቀው ሰው ታሪክ እንደሚወራላት ሆና ታዳምጣለች። የኔ አሳብ ይኸው ነው፦ እንዲህ ያሉ እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ ትውልዳችንን በደብተር እንጻፈው።

ድሮ ትውልድ መርሳት ማንንም አያሳስብም ነበር። በጎንደርና በጎጃም ገበሬው ርስት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ቆጥሮ ነበር፤ በአባቱም በእናቱም በኩል መጠየቅ ስለሚችል ሁለቱንም ወገን ያውቅ ነበር። ጋብቻ ሲታሰብም ሽማግሌ ተቀምጦ ዝምድናውን ያጣራል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ቆጠራውን በሰው አፍ ያቆየው ሙግትም ቀረ። አዋጁን መውቀሴ አይደለም፤ ብዙ ጭሰኛ በእሱ ሰው ሆኗል። የሚቆጨኝ ቆጠራው ወረቀት ላይ ሳይሰፍር መዘንጋቱ ነው።

እንግሊዞች ለዚህ ሥራ ሹም አላቸው። የቤተሰብ ዓርማና የትውልድ መዝገብ የሚይዘው ተቋማቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1484 ተመሥርቶ ዛሬም ለንደን ውስጥ አለ። ከሹሞቹ ሁሉ ልቤ የሚወደው ዊልያም ካምደንን ነው። በ1551 ለንደን ተወለደ። አባቱ ከሊችፊልድ የመጣ ቀለም ቀቢ ነበር፤ እናቱ ግን በሰሜን፣ በኩምበርላንድ፣ ከከርወን የባላባት ቤት ናት። ኦክስፎርድ ተምሮ ያለ ዲግሪ ወጣ፤ ዌስትሚንስተር ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። በትርፍ ጊዜው አገሩን እየዞረ፣ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ እያነበበ፣ የዌልስ ቋንቋና ጥንታዊ እንግሊዝኛ እየተማረ «ብሪታኒያ» የተባለውን መጽሐፉን በ1586 አሳተመ። በ1597 ክላረንሱ የሚባለውን ማዕረግ አገኘ፤ ከትሬንት ወንዝ በስተደቡብ ያለው አገር የዓርማና የትውልድ ጉዳይ በእጁ ገባ።

ሹመቱ ያንገበገበው ራልፍ ብሩክ የተባለ ባልደረባው ከመጽሐፉ ውስጥ የትውልድ ስህተቶችን ለቅሞ አሳተመበት። ካምደን ተቆጣ፤ ይሁንና አንዳንዱ ነቀፋ እውነት ነበር። ያው ብሩክ በ1602 ዓርማ አይገባቸውም ያላቸውን ተራ ሰዎች ዘርዝሮ ከሰሰ፤ ከነሱ አንዱ ሼክስፒር ነው። ዓርማው የተሰጠው ለአባትየው ሲሆን እሳቸው ጓንት ሠሪ ነበሩ። ካምደንና ዊልያም ዴቲክ የሚባለው ሹም አባትየው በስትራትፎርድ ዳኛ ሆነው ማገልገላቸውን፣ ባለቤታቸውም የአርደን ወገን መሆናቸውን ጠቅሰው መልስ ሰጡ። የቀለም ቀቢው ልጅ የጓንት ሠሪውን ልጅ በእናቱ ወገን ጭምር ተከራከረለት! ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል።

የምፈራው ነገር አለ። እኛ ዘንድ ዘር መቁጠር ሰው ለመለየትና ለማሳደድ ውሏል፤ ተከዜን የተሻገረ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። የእንግሊዝ ሹሞችም ከ1530 እስከ 1688 አውራጃ ለአውራጃ እየዞሩ ሲመረምሩ ማስረጃ ያጣውን ሰው ባላባት አይደለህም ብለው በአደባባይ ያሳፍሩት ነበር። ስለዚህ ደብተሩ የቤተሰቡ ይሁን፤ መንግሥትም የእርዳታ ድርጅትም አይያዘው። ብሔር የሚል ዓምድ አይግባበት። ማን እንደተወለደ፣ የት እንደኖረ፣ ከማን እንደተጋባ፣ የት እንደተቀበረ ይጻፍ።

ፍርሃቱ ቢኖርም አለመጻፉ የባሰ ነው። ዛሬ ከሐምዳይት የተነሱ ስደተኞች በሚኖሩበት በኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ገደማ ቤተ እስራኤል ተጠልለው ነበር፤ በበሽታና በረሃብ ብዙ ሰው አልቆባቸዋል። ከዓመታት በኋላ ወደ እስራኤል የሄዱትን ከጎንደር ሊከተሉ የፈለጉ ቤተሰቦች በእናት ወገናቸው ማን ቤተ እስራኤል እንደሆነ አስረዱ ተባሉ። ያ ሁሉ ሰው የአያቱን እናት ስም ፍለጋ ሽማግሌ ደጅ ጠንቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተማረ ልጅ ይጻፍ፤ ትልልቆቹ ይናገሩ፤ ከሌላ ቤት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች እየሰሙ ያርሙ፤ እንደ ብሩክ የሚቆጡም ቢሆኑ ግድ የለም። ያልተረጋገጠው ስም «ይባላል» ተብሎ ይለይ። የእናት ወገን እኩል ገጽ ይሰጠው። ቅጂውም ሁለት ይሁን፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ የሸሸው ወገናችን ስንት ሰነድ ጥሎ እንደመጣ እናውቃለን። አንዱ ቅጂ ጣቢያው ውስጥ፣ ሌላው ሌላ አገር ባለ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያ ጣቢያዎች ያላችሁ መምህራን ጀምሩት፤ ደብተሩንና እስክሪብቶውን እኛ የገዳሪፍ ሐበሾች እናዋጣለን።