ቺዝ ለልጅ፣ አይብ ለክትፎ

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አንድ ሱፐርማርኬት ደጃፍ ላይ ለአፍታ የቆመ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። እናት ልጇን ትምህርት ቤት ከማድረሷ በፊት ገባ ትልና ዳቦና አንድ ክብ ካርቶን ይዛ ትወጣለች። ካርቶኑ ውስጥ በብር ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቺዞች ተደርድረዋል። ከደጃፉ ራቅ ብሎ ደግሞ አንዲት ሴት ቅቤና አይብ ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። እናትየው ሴትዮዋን ታውቃታለች። ለበዓል ቅቤ የምትገዛው ከእሷ ነው፤ ቤት ውስጥ ክትፎ ሲሠራም አይቡ የሚመጣው ከእሷ ነው። ለልጁ ምሳ ዕቃ ግን አይብ ትዝም አይላት። ለልጅ ቺዝ፣ ለክትፎ አይብ።

ይህችን እናት "ፈረንጅ አምላኪ" ብሎ መስደብ ቀላል ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያው "ወደ ባህላችን እንመለስ" የሚሉ ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ስድቡ ግን ምንም አያስረዳም። እናትየው ሞኝ አይደለችም። የምትገዛው ጣዕም ብቻ ሳይሆን ዋስትና ነው፦ የተመረተበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የሚጠየቅ ፋብሪካ። አይቧ ላይ ይህ ሁሉ የለም። እንዲያም ሆኖ እናትየው በቺዙ ላይ ያላት እምነት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ወሬ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ከቃሉ ይጀመር። አይብ በአማርኛ የዚህ ምግብ ስም ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም ነበር። ጣልያን መጣና "ፎርማጆ" የሚለው ቃል ገባ፤ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ቀጥሎ "ቺዝ" መጣ። ዛሬ የከተማ ልጅ አይብና ቺዝ አንድ ዓይነት ነገር መሆናቸውን ሲሰማ ይስቃል። አንዱ ነጭ፣ ፍርፍር ያለ፣ ከጎመን ጋር የሚቀርብ ነው፤ ሌላው ለስላሳ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ፣ ማስታወቂያ ያለው። ሁለት ስም ሲኖር ሁለት ደረጃም አብሮ ይመጣል።

ለመሆኑ ያ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ነገር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1911 ቱን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ዋልተር ጌርበርና ፍሪትዝ ስቴትለር የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ችግር ለመፍታት ይሠሩ ነበር። የአገራቸው አይብ ወደ ሞቃት አገሮች ሲላክ መንገድ ላይ ይበላሻል። መፍትሔ ያገኙት አይቡን ፈጭተው፣ የሲትሬት ጨው ጨምረው፣ በእሳት አቅልጠው ነው። ጨው የተባለው የወጥ ጨው አይደለም፤ ስቡና ውሃው ሳይለያዩ ተዋሕደው እንዲቀሩ የሚያደርግ ማያያዣ ነው። ዛሬ የፎስፌት ጨዎችም ለዚሁ ያገለግላሉ። በ1916 አሜሪካ ውስጥ ክራፍት በተመሳሳይ ሥራ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በ1921 ደግሞ ፈረንሳዊው ሌዮን ቤል "ላ ቫሽ ኪ ሪ"ን፣ ማለትም "የምትስቀው ላም"ን፣ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ቀዩዋ ላም መሳቋን ሳታቆም 100 ዓመት አለፋት።

እንግዲህ ይህ ምግብ ከመጀመሪያው የታሰበው ፍሪጅ ለሌለበት ሞቃት አገር ነበር። አዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለወራት መቀመጡ የተአምር ምልክት አይደለም፤ የተፈጠረበት ዓላማ ነው። ፈጠራውም ሊናቅ አይገባውም። አይብ ሻጯ ያልፈታችውን ችግር ፈትቷልና።

ወደ ከተማ ቤቶች የገባበት ሌላም መንገድ አለ። ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት፣ ዱባይ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ሴቶች በየጠዋቱ ለአሠሪዎቻቸው ልጆች ዳቦ ላይ የሚቀቡት ይህንኑ ለስላሳ ቺዝ ነው። ለእረፍት ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ ከወተት ዱቄትና ከቴምር ጋር የጠርሙስ ቺዝ የሚይዙ ጥቂት አይደሉም። የሰው ልጅ ሲበላው የኖረውን ለራስ ልጅ ማብላት ትልቅ ነገር ነው። ይህን ስሜት በ"ባህል" ስብከት ማሸነፍ አይቻልም፤ መሞከሩም ያሳፍራል።

አይብ የቅቤ ታናሽ ነው። ማንም ገጠር ውስጥ አይብ ፈልጎ ወተት አይንጥም፤ የሚናጠው ለቅቤ ነው። ወተቱ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀማል። ጭሱ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ከተሕዋስያን የሚያጸዳበት የራሱ ጉልበት አለው። ወተቱ ለጥቂት ቀናት ይረጋል፣ ከዚያ በቅል ወይም በሸክላ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አረራ ነው። አረራው ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይጣድና ነጩ ከአጓቱ እስኪለይ ይጠበቃል። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይደርቃል፣ ይሻክራል፤ ካነሰ ደግሞ ይላላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ይህን የምታውቀው እጇን እንስራው ላይ አሳርፋ የምትለካው ሴት ናት፤ ቴርሞሜትር የላትም። ከ8 ሊትር ገደማ ወተት የሚገኘው አንድ ኪሎ አይብ ነው።

"አይብ ዳቦ ላይ አይቀባም፤ ይፈረፈራል" የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠውን ባዶ አይብ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጉራጌ ቤት የገባ ሰው እንዲህ አይልም። እዚያ አይቡ በነጠረ ቅቤ ይታሻል፣ በኮሰረትና በሚጥሚጣ ይቀመማል፣ ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ለመስቀል ክትፎው ያለ እሱ አይሟላም። በቅቤ የታሸ አይብ ትኩስ ቆጮ ላይ ሲያርፍ ከማንኛውም የብር ወረቀት ቺዝ የተሻለ ይቀባል።

ጎጃም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ አይቡ አጓቱ በደንብ ተንጠፍጥፎ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በጤና አዳምና በመሳሰሉት ይቀመምና ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ለሳምንታት ይብላላል። በየጊዜው አጓቱ እየተቀነሰ አዲስ አይብ ይጨመርበታል። ሲደርስ ጣዕሙ ይከርራል፤ ትንሽ ብቻ በእንጀራ ይጠቀሳል። ለሆድ ሕመም ጥሩ ነው የሚሉም አሉ። የማይበላሽ አይብ ጥበብ ያን ጊዜም ነበር ማለት ነው፤ ስዊዘርላንዶች በጨውና በእሳት የፈቱትን የጎጃም ሴቶች በቅመምና በማብላላት ፈተውታል። ግን ይህን አይብ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ልግዛ የሚል ሰው ብዙ ሲዞር ይውላል።

የእናትየው ወሬ የሆነው ግማሽ እምነት "ቺዙ ለልጅ ገንቢ ነው" የሚለው ነው። የአይብ ይዘት በጥናት ሲታይ ከመቶው 79 እጅ ገደማ ውሃ፣ ወደ 15 እጅ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ ስቡ 2 እጅ አይሞላም፣ ቅቤው ወጥቷልና። የሚቀባው ቺዝ ካርቶን ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ደግሞ ስቡ ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ያያል፤ ጨውም አለበት። ከፕሮቲን አንጻር እናትየው ውድ ዋጋ ከፍላ ያነሰ ነው የምታገኘው። ግን እውነት ለመናገር ካልሲየም ላይ አይብ ይሸነፋል፦ በኮምጣጣነት የረጋ አይብ ካልሲየሙ በብዛት ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ለትንሽ ልጅ ስብም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባዶ አይብ ለልጅ ሙሉ ምግብ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። በቅቤ የታሸው ግን የስቡን ነገር ድሮ ጨርሶታል፤ ሚጥሚጣውን ለልጅ መተው ነው እንጂ።

የእናትየው እውነት የሆነው ግማሽ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እሱም ንጽሕና ነው። ሞገሴ አሸናፊ የተባሉት የኢትዮጵያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከአዋሳ ገበያ የተገዛ አይብ መርምረው ብዛት ያላቸው ባክቴሪያዎችና እርሾዎች አግኝተውበታል። ይህ ከተጻፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ገበያው ላይ ምን ተለወጠ? ድሮ በእንሰት ቅጠል ይጠቀለል የነበረው አይብ ዛሬ በፌስታል ይቋጠራል፤ ፀሐይ ላይም ይውላል። "የእናቶቻችን አይብ ማንንም ገድሎ አያውቅም" ብሎ መከራከር መልስ አይሆንም። እናትየው ልጇ ሆዱን እንዲታመም አትፈልግም፤ ትክክል ናት። ሻጯም ብትሆን አይቧን ፀሐይ ላይ የምታውለው ወዳ አይደለም፤ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ማን ሰጣት?

እዚህ ላይ ጉዳዩ የጣዕም ክርክር መሆኑ ያበቃል። በብዙ የገጠር ቤቶች የበሬና የእህል ገንዘብ የባል ነው፤ የቅቤና የአይብ ገንዘብ የሚስት። ደብተር የሚገዛው፣ ጨውና ጋዝ የሚመጣው ከዚያች ገንዘብ ነው። የከተማ ልጅ ቁርስ ወደ ቺዝ ሲዞር የሚጎድለው ከዚህች ሴት መቀነት ነው። ያውም ገበያዋ ድሮም ዓመቱን ሙሉ አልነበረም፤ አጥብቆ የሚጾም ክርስቲያን ከዓመቱ ከ200 ቀን በላይ ይጾማልና በጾሙ ወራት ወተቱ ሊቀመጥ ወደሚችል ቅቤ ይሄዳል፣ አይቡ ገዢ ያጣል። ለፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። (ቺዙም ቢሆን ፍስክ ነው፤ በብር ወረቀት ስለተጠቀለለ የጾም አይሆንም።)

ቺዙ የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የካርቶኑም ዋጋ አብሮ ሄደ። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ የምትባል አገር፣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ይዛ፣ ለልጆቿ ዳቦ የሚቀባ በውጭ ምንዛሪ ታስመጣለች። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የተባለው ለካ ለዚህ ነው።

መፍትሔው ታዲያ ቺዝ መከልከል አይደለም፤ የተከለከለ ነገር የበለጠ ይጣፍጣል። አይቡን ከስም አልባነት ማውጣት ነው። አሁንም አይብ አሽገው የሚሸጡ የወተት ማቀነባበሪያዎች አሉ፤ ንጽሕናውን ያሟላሉ፣ ግን የሚሸጡት ያንኑ ባዶ ነጭ አይብ ነው። የጉራጌውን አይብ በቅቤ ታሽቶ፣ የጎጃሙን ተብላልቶ፣ በትንሽ ጠርሙስ፣ የተሠራበት ወረዳና ቀን ተጽፎበት ማቅረብ ያቃተው ለምን ይሆን? የገዢ እጥረት አይመስልም። አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ኢትዮጵያውያን የሱቅ አረራ እየገዙ ቤታቸው አይብ ያወጣሉ፤ ያልቻለ ኮቴጅ ቺዝ ገዝቶ "እንደ አይብ ነው" እያለ ራሱን ያጽናናል።

በስም ማትረፍም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ መንግሥት ተሟግቷል፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አልቋል። የምትስቀው ላም አገር ፈረንሳይስ? ሮክፎር የተባለውን አይብ ስም ማንም እንዳይነካው በ1925 በሕግ አጥራለታለች። ለዓለም የሚቀባውን ትሸጣለች፣ የመንደሯን አይብ ደግሞ በስሙ ትጠብቃለች፤ አንዱ ሌላውን አልገደለውም።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ማቀነባበሪያዎችና የግብርና ቢሮዎች ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጃቸው አለ፦ ንጹሕ ዕቃ፣ የሚለካ እሳት፣ ማቀዝቀዣ፣ መለያ ወረቀት። ገዢው ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል። ቡና ሲገዛ "የየት ነው?" ይላል፤ ማር ሲገዛም ይላል። አይብ ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው።

ሱፐርማርኬቱ ደጃፍ የተቀመጠችው ሴት አይቧ ከየት እንደመጣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ብትጠየቅ ግን መልሱ አፏ ላይ ነው፦ "የሰላሌ ነው፤ ትናንት የተናጠ። ላሟንም አውቃታለሁ።"