መርዙ የነበረበት ዕቃ ከሕፃኑ ጋር ይምጣ

ፀረ ተባይ ኬሚካል ሰብልን ከተምችና ከነቀዝ ለማዳን የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ሆኖም «መድኃኒት» እየተባለ የሚጠራው ይህ መርዝ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ በጎጆ ጥግ ሲቀመጥ፣ ባዶ ዕቃው ታጥቦ የዘይት ወይም የውሃ መያዣ ሲሆን፣ ይባስ ብሎም ለቅማል ማጥፊያ ተብሎ በልጅ ራስ ላይ ሲፈስ ቀድመው የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። በ2005 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቢሃር ግዛት 23 ሕፃናት የትምህርት ቤት ምሳ በልተው ሲሞቱ፣ ምግቡ በተሠራበት ዘይት ውስጥ የተገኘው ሞኖክሮቶፎስ የተባለ ፀረ ተባይ ነበር።

ችግሩ መመረዙ ሌላ በሽታ መምሰሉ ነው። እንደ ማላታይን ያለ መርዝ የገባበት ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የዓይኑ ብሌንም እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። በትንንሽ ልጆች ላይ ግን እነዚህ ሁሉ ላይታዩ ይችላሉ። ሕፃኑ ዝሎ ሊደነዝዝ ወይም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ስለዚህ ወባ፣ የሳንባ ምች ወይም የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ውድ ጊዜ ሊባክን ይችላል። ሲጫወት የነበረ ልጅ በድንገት እንዲህ ሲሆን ሐኪሙም ወላጁም መርዝን መጠርጠር ይገባቸዋል።

የመርዙን ስም ማወቅ ሕክምናውን ይለውጣል። ለማላታይንና ለመሰሎቹ አትሮፒን የተባለው መርፌ በጊዜ ከተሰጠ ሕይወት ያድናል። ለእህል ነቀዝ የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ግን ማርከሻ የለውም፤ ሕክምናው ትንፋሽንና ልብን መደገፍ ነው። የላቦራቶሪ ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ይህን የሚለየው የሕፃኑ ምልክትና ወላጅ ይዞት የመጣው ዕቃ ነው። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ቢሆን እንኳ ሐኪሙ ያነበዋል።

ስለሆነም አደጋ ሲደርስ የተበከለውን ልብስ ማውለቅ፣ እጅን በላስቲክ ሸፍኖ ገላውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ራሱን የሳተውን በጎኑ ማስተኛት፣ ከዚያም ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ያስፈልጋል። እንዲያስመልሰው ማስገደድም ሆነ ወተትና ዘይት ማጠጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የግብርና ልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጋዘን ኃላፊዎችም መርዝ ያለ ስሙ፣ ያለ ዋና ዕቃው ከእጃቸው እንዳይወጣ ማድረግ አለባቸው። ሰብሉን ከተባይ ያዳነ ገበሬ ልጁን በዚያው መርዝ ሊያጣ አይገባም።